የላይኛው ጥርስ ድምፅ

የሰው ባል ይጠጣል። የሰው ባል ጫት ላይ ተቀምጦ ይውላል። የእኔ ባል ቋንቋ ይሠራል።

ይህን ለጎረቤት እንዴት ብዬ እንደማወራው እስካሁን አላገኘሁትም። ባሏ የሚጠጣባት ሴት ብሶቷን ስትናገር ሰው ከንፈሩን ይመጥላታል፣ ዘመድ ይሰበሰብላታል፣ የንስሐ አባት ተጠርቶ ባልየው ይመከራል። እኔ ግን «ጌታነህ ቅዳሜን ሙሉ ከጠረጴዛው አልተነሣም» ስል፣ «ታታሪ ነው፤ ምን ሲሠራ?» ይሉኛል። «ግሥ» እላለሁ። ወሬው እዚያ ላይ ይቆማል።

ቋንቋው ኢሉን ይባላል። «ኢሉንኛ» ያለ ሰው ጠላቱ ነው፤ «ኛ» የአማርኛ ነው፣ እኔ ከማንም አልተበደርኩም ይላል። ከታች ወደ ላይ የሚጻፍ የራሱ ፊደል አለው። ጌታነህ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ውስጥ የውሃ መሥመር ንድፍ ስለሚያወጣ እጁ ጥሩ ነው፤ ፊደሎቹ ያምራሉ፣ ይህን አልክድም። አንድ ሰሞን የወጥ ቤቴ ቆርቆሮዎች ላይ ሁሉ በዚያ ፊደል ጻፈባቸውና፣ የንስሐ አባታችን የመጡ ዕለት ስኳር መስሎኝ ሻያቸው ላይ ጨው ጨመርኩበት። ቄሱ የአገሩ ሰው በጨው የሚጠጣው የቡና ቅጠል ሻይ መስሏቸው ይሁን ወይም አዝነውልን፣ ምንም ሳይሉ ጠጡት።

ሌላ አገር ብንሆን እንኳ ምናለበት። ያለነው ሐረር ነው። ሸዋ በር ላይ ቲማቲም የምትሸጥልኝ ሴት ለእኔ በአማርኛ፣ አጠገቧ ላለችው በኦሮምኛ፣ ከጀጎል ለምትወጣው ደንበኛዋ በሐረሪ፣ ስልኳ ሲጮህ በሶማልኛ ትመልሳለች፤ ስትምል ደግሞ በዐረብኛ ነው። ይህን ሁሉ ስታደርግ እጇ ቲማቲም ከመምረጥ አያርፍም። ጌታነህ አንድ ቀን ፊቷ ቆሞ ኢሉን ምን ያህል ጥርት ያለ ቋንቋ እንደሆነ ሲያስረዳት በትዕግሥት ሰማችውና፣ «አቦ ያሉት አይበቁንም እንዴ?» አለችው። አኩርፎ ቲማቲም መግዛት ተወ። ቤታችን ስንት ጊዜ በደረቁ እንደበላን እኔ ነኝ የማውቀው።

«ጥርት ያለ» የሚለው ምን እንደሆነ ልንገራችሁ። በኢሉን «እንዴት አደርክ» የሚል ነገር የለም። ለምን የለም ብዬ ጠይቄው ነበር። «ፊቴ ቆሞ ካየሁት አድሯል ማለት ነው፤ ምኑን እጠይቀዋለሁ?» አለኝ። ከእንዲህ ያለ ሰው ጋር ምን ይባላል?

እኔ ለተማርያም እባላለሁ፤ ጤና ጣቢያ ውስጥ ሕፃናት እከትባለሁ። ቀኑን ሙሉ የሚጮህ አፍ ሳይ ውዬ ቤቴ ስገባ የምፈልገው ዝምታ ነው። ጌታነህ ግን መስታወት ፊት ቆሞ ምላሱን አውጥቶ ይጠብቀኛል። አልተታለልኩም፣ ከመጀመሪያውም እንዲህ ነበር። የተዋወቅን ሰሞን ሻይ ቤት ተቀምጠን አፌን አፌን ሲያየኝ ሊስመኝ መስሎኝ ልቤ ቀጥ አለች። «እስቲ ‹ጠ› በዪ» አለኝ። አልኩ። «ትንፋሽሽን የት ላይ ነው የያዝሽው?» አለኝ። እኔ ደግሞ ሞኝ፣ እንዲህ ልብ ብሎ የሰማኝ ሰው የለም ብዬ አገባሁት። በኋላ ሲገባኝ የሚሰማው ድምፁን ነው፤ የተባለውን አይደለም።

አንድ ልጅ አለችን፣ ገሊላ። ኢሉንን ከእሱ ሌላ የተናገረችው እሷ ብቻ ናት። ትምህርት ቤት ሳትገባ በጀጎል ግንብ ሥር እጇን ይዞ እየዞረ ድንጋዩን፣ በሩን፣ አህያውን፣ ጥላውን በኢሉን ያስጠራት ነበር። ሁለቱ እየተንሾካሾኩ፣ እየሳቁ ይመጣሉ። እኔ ምንም አይገባኝም። ቀንቻለሁ፣ ምን እዋሻለሁ። ግን ደስ ይለኝም ነበር፤ ጌታነህ እንደዚያ ሲስቅ ሌላ ጊዜ አይቼው አላውቅም።

ከዚያ አንድ ቀን መድኃኔ ዓለም አጠገብ ካለው ደረጃ ላይ ወደቀች። ጉልበቷ ተልጦ ደሙ እስከ ካልሲዋ ወርዷል። እያለቀሰች ሮጣ የገባችው ወደ እኔ አልነበረም፣ ወደ እሱ ነበር፤ የጮኸችውም በኢሉን ነበር። «ቱላር! ቱላር!» ትለዋለች፣ ጉልበቷን ይዛ። ጌታነህ ብድግ ብሎ አቀፋት፣ ይህን እንኳ አድርጓል። ቀጥሎ ግን እንባዋን ሳይጠርግላት፣ «‹ቱላር› አይደለም የኔ ልጅ፣ ‹ቱራል› ነው» አላት።

ልቅሶዋን አቆመች። ልጅ ልቅሶውን እንዲያ ሲያቆም አያምርም። ከእቅፉ ወርዳ ወደ እኔ መጣችና በአማርኛ «እማዬ፣ ጉልበቴን አመመኝ» አለችኝ። ከዚያን ዕለት ጀምሮ አንዲት የኢሉን ቃል ከአፏ አልወጣችም። ጌታነህ ምክንያቱን አልደረሰበትም። «ልጆች እንዲህ ናቸው፣ ይሰለቻሉ» ይላል። ስንት ጊዜ ነገርኩት። «ማረም እኮ ፍቅር ነው ለቴ» ብሎ ይመልስልኛል። እሱን ሳስበው አሁንም ደሜ ይፈላል።

ገሊላ አድጋ ድሬ ጠያራ ገጠር ውስጥ አስተማሪ ሆነች። እዚያው ትምህርት ቤት ከጎጃም ተመድቦ የመጣ ሚኪያስ የሚባል የሒሳብ አስተማሪ አለ። ረጋ ያለ፣ ሲበላ የማይጮህ፣ እኔን «እማማ» እያለ የሚጠራ ልጅ ነው። ሊያገባት እንደሚፈልግ ነገረችኝና ነገሩን ለአባቷ አደረስኩላት። ጌታነህ እርሳሱን ሳያስቀምጥ፣ «ስንት ቋንቋ ይችላል?» አለኝ። አማርኛና የትምህርት ቤት እንግሊዝኛ ነው አልኩት። «እህ» አለ፤ ወደ ወረቀቱ ተመለሰ። እሺ ይሁን እንቢ ይሁን ከዚያ «እህ» ውስጥ አውጡልኝ።

ገሊላ ይህን ስትሰማ፣ «እማዬ፣ አባዬ ከልቡ እሺ ካላለኝ አላገባም» አለች። «ማዘጋጃ ቤት ሄጄ መፈረም አያቅተኝም። ግን አልፈልግም። አንድ ጊዜ፣ አንድ ጊዜ እንኳ እኔን ሰምቶ ይመልስልኝ።»

«እሺ ይላል፣ ምን ያደርጋል?»

«እሱ እሺ አይልም። እሱ ያርማል።»

ሚኪያስ አባቱ ሞተዋል፣ አጎቶቹ ሩቅ ናቸው። ስለዚህ ሽማግሌ የሆኑለት እዚሁ ያገኛቸው ሰዎች ናቸው። ዋናው አከራዩ መቶ አለቃ ወልደሚካኤል ናቸው፤ ጀጎል ውስጥ ግቢ ያላቸው፣ ጡረታ የወጡ ወታደር፣ አንድ ጉልበታቸው የማይታጠፍ። ሁለተኛው መኪና ግርግር በሚባለው የሰፊዎች መንገድ ላይ ልብስ የሚሰፉት ጋሽ ሐሰን ናቸው። ሦስተኛው ያን ጨው የጠጡት የንስሐ አባታችን ናቸው። በእኛ ሰፈር ሽማግሌ ሲመረጥ ቤተ ክርስቲያን ይሂድ መስጊድ አይጠየቅም፤ ሰው ይሰማዋል ወይ ነው የሚባለው።

የሚመጡበት ሳምንት ገሊላ ወጥ ቤት ገብታ በሩን ገርበብ አደረገችና አንድ ነገር ነገረችኝ። መቶ አለቃ ነገሩን የሚከፍቱት በኢሉን ነው። ዓረፍተ ነገሩን እሷ ለሚኪያስ አስተምራዋለች፤ ሚኪያስ ደግሞ ማታ ማታ ለመቶ አለቃ ያስጠናቸዋል። ትርጉሙ «ቤታችሁ ቤታችን ይሁን» ማለት ነው። ሽንኩርት የምከትፍበትን ቢላ አስቀመጥኩ። ያ ሁሉ ዓመት አልፎ ታስታውሰዋለች ለካ።

«ረስተሽው አልነበረም?» አልኳት።

«አንዱንም አልረሳሁም» አለች፤ ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች።

እዚህ ላይ ስለ አንድ ድምፅ መናገር አለብኝ። ኢሉን ውስጥ ጌታነህ ከነፍሱ የሚወደው ድምፅ አለ። የምላስ ጫፍ የላይኛውን የፊት ጥርስ ዳሰስ ሲያደርግ ትንፋሽ በመሃል ሾልኮ የሚወጣ ነው። ዐረብኛ አለው ይላሉ፤ የአማርኛ ፊደል ግን የለውም። እኔ እዚህ በ«ስ» እጽፈዋለሁ፤ ጌታነህ ይህን ቢያይ ይታመማል። ገሊላ ያዘጋጀችው ዓረፍተ ነገር «ሶሚ ሌሰን ኢሳሩ» የሚል ነው። አባቷን ደስ ለማሰኘት ብላ ያ ድምፅ የሞላበትን መረጠች። መቶ አለቃ ደግሞ የላይኛው የፊት ጥርሳቸው የለም። ከድሮም የለም። ከማወቅ ብዛት ማንኛችንም ትዝ አላለንም።

እሑድ ከሰዓት መጡ። መቶ አለቃ የድሮ ካፖርታቸውን ለብሰው ከላይ ነጭ ጋቢ ደርበዋል፤ ዱላቸውን ይዘው ሦስቱም ሳሎናችን መሃል ቆሙ። ጌታነህ ወጉን ያውቃል፣ «ኧረ ተቀመጡ» አለ። እነሱም ወጉን ያውቃሉ፣ «ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም» አሉ። ከዚያ በኋላ የልጅቱ አባት ሥራ ቀላል ነው። ይሰማል፣ «እንመካከርበት፣ በዚህ ቀን ተመለሱ» ይላል፣ ያስቀምጣል። ሌላ ምንም የለበትም። እኔና ገሊላ ከመጋረጃው ኋላ ቆመናል፤ እጄን ጨብጣዋለች።

መቶ አለቃ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ካፖርታቸውን አስተካከሉ። ሰልፍ ላይ እንደሚቆም ሰው ቀጥ ብለው፣ «ፎሚ ሌፈን ኢፋሩ» አሉ።

የጌታነህን ፊት ባያችሁት። በሠርጋችን ቀን እንዲያ አልበራም። አፉን ከፍቶ ቀረ። ዓይኑ ውስጥ ውሃ ሞላ። ገሊላ እጄን ጨምቃ ልትሰብረው ደረሰች፤ ሆነ፣ ተሳካ ብዬ እኔም ተነፈስኩ።

«ይቅርታ መቶ አለቃ፣ ድጋሚ ይበሉልኝ» አለ።

ደስ ብሏቸው ደገሙለት። «ፎሚ ሌፈን ኢፋሩ።»

«ኧ-ኧ» አለ ጌታነህ። እጁን አነሣ። ያችን እጅ አውቃታለሁ። «ሶ... ሶሚ። ‹ፎ› አይደለም። ምላስዎን ከላይኛው ጥርስዎ ጋር ያስነኩት።»

ቄሱ ሳል መጣባቸው። ጋሽ ሐሰን፣ «አቦ ጌታነህ፣ ወላሂ ቆንጆ አድርገው ብለውታል፣ ወደ ነገራችን እንግባ» አሉ። ጌታነህ አልሰማም። መቶ አለቃ ደግሞ ወታደር ናቸውና የታዘዙትን ሞከሩ። ምላሳቸው ባዶ ድድ ላይ ሄዶ ተመለሰ፤ ምራቅ ጋቢያቸው ላይ ተረጨ፤ ጆሯቸው ቀላ። «ፎሚ» አሉ እንደገና፣ ቀስ ብለው።

ጌታነህ ይባስ ብሎ ተጠጋቸው። የራሱን ጥርስ በጣቱ እያሳየ፣ «እዚህ ጋ፣ እዚህ፣ ጫፉን ብቻ» ይላቸዋል። ጋሽ ሐሰን ነገሩ እንዲያልቅ ብለው፣ በልጅነታቸው ቁርአን ቤት በዐረብኛ የተፈታ ምላስ ስላላቸው፣ «ሶሚ» ብለው ጣል አደረጉለት። ልክ አወጡት። ጌታነህ እጁን አጨበጨበ። «ይኸው! ይኸውላችሁ! ጋሽ ሐሰን አወጡት!» ብሎ ለመቶ አለቃ ጀርባውን ሰጣቸውና ጋሽ ሐሰንን ሲጠይቅ ቆመ፤ ማን አስተማረዎት፣ በልጅነትዎ ነው ወይ፣ ሌላ ቃል ላይ ሲሆንስ ይለወጣል ወይ። ሽማግሌዎቹ ቆመዋል። የመቶ አለቃ የማይታጠፈው እግር መንቀጥቀጥ ጀመረ። ልወጣ ስል ገሊላ ጎተተችኝ፤ ወንዶች በቆሙበት ሴት መግባቷ ነገር ያበላሻል ብላ ፈራች። ተበላሽቶ አልቆ ሳለ!

በመጨረሻ መቶ አለቃ ዱላቸውን ወለሉ ላይ መቱ።

«አቶ ጌታነህ» አሉ፣ «የመጣነው ልጅ ልንጠይቅ ነው። ጥርስ ልንጠየቅ አይደለም።»

ባርኔጣቸውን አድርገው ወጡ። ሁለቱ ተከተሏቸው። ጋሽ ሐሰን በሩ ላይ ዞር ብለው፣ «አላህ ያብጀው እንግዲህ» አሉ። የገሊላ እጅ ከእጄ ወጣ።

ጌታነህ ሳሎኑ መሃል ብቻውን ቀርቶ፣ «ምነው ሄዱ? ቀጠሮ እንኳ ሳልሰጣቸው?» አለ።

«ጥርስ የላቸውም!» ብዬ ጮህኩበት። «ሰውየው ጥርስ የላቸውም!»

«ማን?»

«ማን ይለኛል! ፊታቸው ቆመህ አልነበረም?»

«ፊታቸውን አላየሁም» አለኝ። «ድምፁን እየሰማሁ ነበር። ለቴ፣ እሺ ልላቸው እኮ ነበር። መጀመሪያ ግን...»

መጀመሪያ ግን! የእኔ ትዳር በዚህች ቃል ነው የተበላው። እንብላ ስለው መጀመሪያ ግን። ልጅቷ አተኮሳት ስለው መጀመሪያ ግን። አሁን ደግሞ የገዛ ልጁ ትዳር ደጃፍ ላይ ቆሞ መጀመሪያ ግን።

ገሊላ ቦርሳዋን ይዛ ከክፍሏ ወጣች። ድሬ ጠያራ ቤት ተከራይታ የምትኖር ሊዲያ የምትባል የሥራ ባልደረባዋ ጋ ልትሰነብት ነው። ጌታነህ በሩ ላይ ቆሞ ነበር።

«ገሊ፣ ማን ነው ያስጠናቸው?»

«እኔ ነኝ።»

«አንቺ? ታስታውሺዋለሽ?» ድምፁ ተሰበረ። አፉ ሌላ ነገር ሊጨምር ሲከፈት እሷ መዳፏን አነሣች።

«አታርመኝ አባዬ» አለችው። በአጠገቡ አልፋ ሄደች።

መቶ አለቃ ያንን ደጃፍ ዳግም አልረግጥም ብለው እንደማሉ በማግስቱ ሰማን። ነገሩን የከፈተ ሽማግሌ ተሰድቦ ሲወጣ የእሱን ቦታ የሚተካ ሰው አይገኝም፤ ቢገኝም ለልጅቱ ቤት ክብር አይደለም። ሚኪያስ አጎቶቼን ከጎጃም ላምጣ ቢል ገሊላ እንቢ አለች። ለምን ብዬ ስደውልላት፣ «መልሱን ሰምቼዋለሁ እማዬ» አለችኝ። እኔ የሰው ልጆች እየከተብኩ የራሴን ልጅ በስልክ እለምናለሁ። አንዷ እናት ልጇን ስታባብል ሳይ እንባዬ መጥቶ መርፌውን ለባልደረባዬ ሰጥቼ ወጣሁ።

ጌታነህስ? ጌታነህ መስታወት ፊት ነው። እውነቴን ነው። ሁለት ከንፈሩን ወደ ውስጥ አጥፎ ጥርሱን ሸፍኖ ይተነፍሳል። «ፍ... ፎ... ፎሚ።» ከሥራ ይገባል፣ መስታወት ፊት ይቆማል። እራት ብዬ ስጠራው ከንፈሩን አጥፎ ይመጣል። አንድ ማታ ትዕግሥቴ አለቀና የስኳሩን ቆርቆሮ ግድግዳው ላይ ወረወርኩት፤ ሲበተን ጨው ሆኖ ተገኘ።

«ልጅህ ከቤት ወጥታለች! አንተ ድምፅ ትመረምራለህ!»

«አልመረምርም» አለኝ ጨዉ መሃል ቆሞ። «መጀመሪያ ግን ይህን ልቻለው።»

መጥረጊያ አነሣሁና ጨዉን ልጠርግ ጎንበስ አልኩ።

እሑድ ከቅዳሴ እንደተመለስን ልብሱን ሳይቀይር በሩ ላይ ቆመ። «እንሂድ» አለኝ።

«የት?»

«መቶ አለቃ ጋ።»

«የልጅቱ አባት ሽማግሌ ቤት ሲሄድ የት አይተሃል?»

«ነውር ነው?»

«ነውር ነው።»

«እንሂድ» አለ።

በሸዋ በር ገብተን ወደ ላይ ወጣን። የቲማቲሟ ሴት አየችን፤ ጌታነህ ዘንድሮ ለመጀመሪያ ጊዜ እንዴት አደርሽ አላት። የመቶ አለቃ ግቢ በጠባቧ መተላለፊያ መጨረሻ ላይ ነው። ሚኪያስ ልብስ ሲያጥብ ደረስንበት፣ እጁ በአረፋ እንደተሸፈነ ቆሞ ቀረ። ገሊላም ከሊዲያ ጋር መጥታ ኖሯል፤ ከመቶ አለቃ ባለቤት ጋር ተቀምጣ ጎመን ትቀነጥሳለች። አባቷን ስታይ ጎመኑ ከእጇ አልወረደም፣ ግን መቀንጠሷን ተወች።

መቶ አለቃ ክፍላቸው ውስጥ ወንበር ላይ ተቀምጠዋል፤ ያ እግራቸው ከፊታቸው ተዘርግቷል። ገባን። አዩን። ተቀመጡ አላሉንም። አጠገባቸው ባዶ አግዳሚ አለ፤ እኛ ግን ቆምን። ጌታነህ ኮቱን ቆለፈ። ይቅርታ ይጠይቃል ብዬ ስጠብቅ ከንፈሩን ወደ ውስጥ አጥፎ ጥርሱን ሸፈነና፣ «ፎሚ ሌፈን ኢፋሩ» አለ።

ምድር ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ ነበር። ጥርሱ ሙሉ የሆነ ሰው ጥርስ የሌላቸው ሽማግሌ ፊት ቆሞ አፋቸውን ሲያስመስል! የመቶ አለቃ ፊት ጠቆረ። ዱላቸውን ጨበጡ።

«ቤቴ ድረስ መጥተህ ትቀልድብኛለህ?»

«አልቀልድም» አለ ጌታነህ። «መቶ አለቃ፣ ይህን ነገር ስሠራ ነው ያረጀሁት። ሰው ይስቅበታል፤ ልክ ነው። ግን እስከዚያ ቀን ድረስ አንድም ሰው በሱ ነገር ለምኖበት አያውቅም። ለምኖ የሚያውቀው እርስዎ ነዎት። ስለዚህ አባባሉ እንደ እርስዎ ነው። የኔ ነው የተሳሳተው። ሳምንቱን ሙሉ ስለማመደው ቆየሁ።»

እኔ ያን ጊዜ ነው መስታወቱ የገባኝ።

መቶ አለቃ ከእግሩ እስከ ራሱ አዩት። ዱላቸውን ጉልበታቸው ላይ አጋደሙት። ከዚያ ሠልጣኝ ፊታቸው የቆመ ይመስል አገጫቸውን ቀና አደረጉ።

«ድገም» አሉ።

«ፎሚ ሌፈን ኢፋሩ።»

«አልሆነም። ጥርስህ ይሰማል። ድገም።»

ደገመ። «አሁንም ይሰማል። ከንፈርህን አጥብቀው። ቀጥ ብለህ ቁም።» ደገመ። «‹ፋ› ላይ ትቸኩላለህ። ማን አሳደደህ?» ደገመ። ባሌ፣ አገሩን ሁሉ ሲያርም የኖረ ሰው፣ ከንፈሩን አጥፎ ላቡ በአንገቱ እየወረደ «ፎሚ፣ ፎሚ» ይላል። ሰውየው አልተዉትም። እኔም አብሬው ቆሜ ወገቤ ተቆረጠ፣ ግን እውነቱን ለመናገር እዚያው ቢያቆዩት ቅር አይለኝም ነበር።

በሩ ጨለም አለ። ገሊላ ናት፤ ሚኪያስ ከኋላዋ ነው። ምን ያህል ቆማ እንደሰማች አላውቅም። አባቷን ብቻ እያየች በኢሉን የሆነ ነገር አለች፤ ቀስ ብላ፣ ቃላቱን አንድ በአንድ እየፈለገች። ኢሉን አልችልም። ግን መሃሉ ላይ አንዲት ቃል አወቅሁ፤ ከዚያች ደም ካልሲዋ ላይ ከወረደባት ቀን ጀምሮ ከጆሮዬ ያልወጣች ቃል ናት። «ቱላር» አለች። ጉልበቱ ደክሟል፣ ያስቀምጡት ማለቷ መሆን አለበት።

ጌታነህ ዞረ። እጁ ተነሣች። አፉ ተከፈተ። ያንን አፍ አውቀዋለሁ፤ የላይኛው ጥርሱ ታየ፣ ምላሱ ከኋላው ሲነሣ ታየኝ። ገሊላም አየችው። ትንፋሿን ይዛ ጠበቀችው፤ ልክ እንደዚያን ጊዜ፣ ሳታለቅስ።

እጁን አወረደ።

«አዎ የኔ ልጅ» አላት፣ በአማርኛ። «ቱላሬ ዝሏል።»

ከአማርኛ ጋር ለውሶ፣ እሷ በተሳሳተችው ቃል። መቶ አለቃ የሆነውን ነገር አላወቁም፤ ልጅቷ ለምን እንዲያ እንዳለቀሰችም አልገባቸውም። በዱላቸው አግዳሚውን ጠቆሙት።

«በሉ ተቀመጡ» አሉን።